«ይህ ስምንት የማን ስምንት ነው?»

በሰሜን ቨርጂኒያ ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከዚህ ወጥታችሁ ሌሊት ሺፍት የምትገቡም አላችሁ። ልጅ አቅፋችሁ ከኋላ የቆማችሁ እናቶች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ልጁ ቢያለቅስም ችግር የለም።

አገር ቤት የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ደግሞ በአንድ ኤለመንተሪ ስኩል ውስጥ ቤተሰብን ከትምህርት ቤት የማገናኝ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት እናት ስልኳን ይዛ መጣች። «መምህር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። ስልኩ ላይ የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ነበር። ሁለት መኝታ። ኪራዩ አሁን ከምትከፍለው በወር 600 ዶላር ይበልጣል። ከፎቶው ሥር የሰፈሩ ትምህርት ቤት ስም አለ። ከስሙ አጠገብ በትንሽ ክብ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ከ10 ተጽፏል፦ 8። የእኛ ትምህርት ቤት ቁጥር 4 ነው።

«ከአራት አውጥቼ ስምንት ላስገባት ነው» አለች። ልጇ ያኔ ከኬጂ ወደ አንደኛ ክፍል ልታልፍ ነው። 600 ዶላሩን ለመሙላት ቅዳሜና እሁድንም ልትሠራ አስባለች።

ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ቅዳሜና እሁድ እናትና ልጅ አብረው የሚያነቡበት ጊዜ ነበር። ግን አትሂጂ አላልኳትም። እናት ለልጇ የተሻለ ስትፈልግ ማን ያቆማታል? አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ይህ ስምንት የማን ስምንት ነው?»

ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውጤቱ ሲነገር፣ ቁጥሩ ቀድሞ የሚያወራው ስለገቡት ልጆች ነው። ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ስላደረገው ነገር የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ፈልገን ካላገኘነው ጮክ ብሎ አይናገርም።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። እንዲህ ያለው ቁጥር በአብዛኛው የሚሠራው ከስቴቱ ፈተና ውጤት ነው። የፌዴራሉ ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ልጆችን ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሂሳብ እንዲፈትን ያዛል። ይህ ግዴታ የመጣው ፕሬዚዳንት ቡሽ በጃንዋሪ 2002 በፈረሙት ሕግ ነው። በዲሴምበር 2015 ኦባማ የፈረሙት ሕግ ተተክቶበታል፤ ፈተናው ግን ቀርቷል ማለት አይደለም፣ ዛሬም አለ። ስለዚህ ከኬጂ እስከ አምስተኛ ባለው ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ፈተና የሚቀመጡት የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ኬጂው፣ አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል በፈተናው ቁጥር ውስጥ የሉበትም። የዚያች እናት ልጅ የእኛ ትምህርት ቤት ባገኘው 4 ውስጥም የለችበትም።

ሌላም አለ። 60 የሦስተኛ ክፍል ልጆች ያሉበትን ትምህርት ቤት አስቡ። በሚቀጥለው ዓመት የሚያልፉት ከዘንድሮው በአምስት ልጅ ቢያንሱ፣ የሦስተኛ ክፍሉ ውጤት ስምንት ፐርሰንት ያህል ይወርዳል። አስተማሪው ያው ነው። መጽሐፉ ያው ነው። በመሃል ሁለት ቤተሰብ ኪራይ ጨምሮበት ለቅቆ ሄዷል፣ ሦስት ልጅ ከውጭ አገር መጥቷል። እኛ ግን «ትምህርት ቤቱ ወረደ» እንላለን።

አሁን ወረቀት ያላችሁ ያዙ። አንድ ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

አንደኛው ትምህርት ቤት 100 ተፈታኝ አለው። 90ዎቹ ኑሮው ከተደላደለ ቤት የመጡ ናቸው። ከነሱ 81 አለፉ። የቀሩት 10 ልጆች ገቢው ዝቅ ካለ ቤት ናቸው። ከነሱ 4 አለፉ። ድምር 85።

ሁለተኛውም 100 ተፈታኝ አለው። እዚህ ኑሮው ከተደላደለ ቤት የመጡት 20 ብቻ ናቸው። 19 አለፉ። ገቢው ዝቅ ካለ ቤት የመጡት 80 ናቸው። 40 አለፉ። ድምር 59።

አንዱ 85፣ ሌላው 59። የትኛው ይሻላል? ኪራይ ፈላጊ ሁሉ ወደ 85 ይሮጣል። አሁን ግን ረድፍ ረድፉን እዩት። ከተደላደለው ቤት የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ትምህርት ቤት 90 ፐርሰንት ያልፋል፣ በሁለተኛው 95። ገቢው ዝቅ ካለው ቤት የመጣ ልጅ በመጀመሪያው 40 ፐርሰንት ያልፋል፣ በሁለተኛው 50። ሁለቱም ዓይነት ልጅ ይበልጥ የተጠቀመው 59 በተባለው ትምህርት ቤት ነው። 85ቱን ያመጣው የልጆቹ ስብጥር ነው።

ይህን ሂሳብ አገር ቤት ሳስተምር ባውቀው ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ። እኛም በየወረዳው ትምህርት ቤቶችን በአንድ አማካይ ቁጥር እናሰልፍ ነበር። የከተማውን ልጅ እናሞግሳለን፤ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣውን እንወቅሳለን።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለው የዕድል ልዩነት እንዲጠና ያዝዝ ነበር። ሥራው ጄምስ ኮልማን ለሚባል የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር ተሰጠ። ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተጠየቁ፣ ተፈተኑ። ሪፖርቱ በ1966 ወጣ። ብዙ ሰው የጠበቀው «የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሕንፃው ስለፈረሰ፣ መጽሐፍ ስለሌለው ነው ውጤቱ የወረደው» የሚል መልስ ነበር። የተገኘው ከዚያ ይሰፋል። የልጁን ውጤት ከሁሉ በላይ የሚናገረው ቤቱ ሆኖ ተገኘ። የወላጅ ትምህርት፣ የቤቱ ኑሮ፣ ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር መኖሩ። ቀጥሎ ደግሞ አብረውት የሚማሩት ልጆች ማንነት።

ይህን ሰምተው «ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል?» ያሉ ብዙ ነበሩ። ዛሬም አሉ። እዚያው ሪፖርት ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ግን ዘለሉት። ቤቱ ብዙ ለሌለው ልጅ የትምህርት ቤቱ ጥራት ይበልጥ ለውጥ ያመጣል ይላል። የሐኪም ልጅ መጥፎ አስተማሪ ቢያጋጥመው ማታ አባቱ ያስረዳዋል። የእኛ ልጅ አባቱ ማታ ታክሲ ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ለእኛ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ስል ፍቅር ጎደለው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በዚህ አገር ከእኛ እናቶች በላይ ለልጁ የሚደክም አላየሁም። ነገሩ ሌላ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ስትገለብጥ ሁልጊዜ ከጎኗ ካለው ልጅ ደብተር ነበር የምትገለብጠው። አስተማሪዋ እንግሊዝኛ አልገባት ብሏል ብላ አሰበች። ልጅቷ ግን አይኗ አያይም ነበር። መነጽር ሲገዛላት በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነች። ሌላ ቤት ብትወለድ ኖሮ መነጽሩ በአራት ዓመቷ አይኗ ላይ ነበር። የገቢ ልዩነት ልጅ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ነው። በመነጽር፣ በእንቅልፍ፣ አንድ ክፍል ውስጥ በሚተኛ ሰው ብዛት፣ በዓመት ሁለቴ በሚቀየር አድራሻ።

ታዲያ የትምህርት ቤቱን ሥራ ከልጆቹ አመጣጥ ለይተን እንዴት እናየዋለን? ዕድገቱን በማየት ነው። ልጁ ሲገባ የት ነበር? አሁን የት ደረሰ?

የቨርጂኒያን ፈተና ውሰዱ። ለረጅም ዓመታት ነጥቡ ከ0 እስከ 600 ነበር፤ ማለፊያው 400። አንድ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ላይ 330 አመጣ። አራተኛ ላይ 395 አመጣ። በ«አለፉ» ቁጥር ውስጥ ይህ ልጅ ሁለቱንም ዓመት ወዳቂ ነው። ሌላው ልጅ 480 ነበረ፣ ወደ 410 ወረደ። እሱ ሁለቱንም ዓመት አላፊ ነው። የትኛው ልጅ ነው ዓመቱን ሙሉ የተማረው?

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሾን ሪርደን የሚባል ተመራማሪ አለ። በመላው አሜሪካ ያሉ የትምህርት አስተዳደሮችን የፈተና ውጤት ሰብስቦ አንድ ላይ አስቀመጠው፣ ለሕዝብም ክፍት አደረገው። ከዚያ ውስጥ ስለ ቺካጎ ያገኘው ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስማቸው የጠፋ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ከድሃ ቤት የሚመጡ ናቸው፤ አማካይ ውጤታቸውም ዝቅተኛ ነው። ሪርደን ግን ከ2009 እስከ 2014 ድረስ የልጆቹን ዕድገት ሲለካ፣ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት አግኝተው ተገኙ። ዝቅ ብለው ገብተው ከሌላው ፈጥነው ሮጡ ማለት ነው። በአማካይ ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ቺካጎ? ልጄን አላስገባም» ይላል።

ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። የገባው ልጅ ሁሉ ባለበት የሚቀርባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ደግሞም በአገር ደረጃ ንባብ ተጎድቷል። በ2024 በተደረገው ብሔራዊ ፈተና ከአራተኛ ክፍል ልጆች 40 ፐርሰንቱ ከዝቅተኛው የንባብ መስፈርት በታች ናቸው። ከአሥር አራት። ስለዚህ ዝም ብላችሁ እመኑ አልላችሁም። ዕድገቱን ጠይቁ ነው የምለው።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ስቴቱ ስለ ትምህርት ቤታችን በሚያወጣው ሪፖርት ውስጥ የእኛ ልጆች የት ነው ያሉት?

በዘር ሰንጠረዡ ውስጥ «ብላክ» በሚለው ሥር ናቸው። ከአራት ትውልድ በላይ እዚሁ የኖረው የአፍሪካ አሜሪካዊ ልጅ፣ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ፣ የጃማይካው፣ የናይጄሪያው፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ። ችግራቸው የተለያየ ነው። የሚያስፈልጋቸውም የተለያየ ነው። በማርች 2024 የፌዴራሉ መንግሥት የዘርና የብሔረሰብ አመዘጋገብ ደንቡን አሻሻለ። በአዲሱ ቅጽ «ብላክ» ከሚለው ሥር በዝርዝር ከተቀመጡት ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ሳጥን አለ። አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ። ትምህርት ቤት ድረስ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ቅጽ እጃችሁ ሲገባ ግን ሳትሞሉት እንዳታልፉ። ካልተቆጠርን የሚያየን የለም።

ሁለተኛው ቦታችን «ኢንግሊሽ ለርነርስ» የሚለው፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች መስመር ነው። እኛ «ኢሶል» የምንለው። ይህን መስመር አይታችሁ አትደንግጡ። በአብዛኛው ትምህርት ቤት ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱም ከቡድኑ የሚወጣው ሁልጊዜ ጎበዙ ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን ሲችል ከመስመሩ ይወጣል፣ በምትኩ ትናንት የመጣ ልጅ ይገባል። አስቡት፤ ከአንድ ክፍል ጎበዞቹን በየዓመቱ እያወጣችሁ አዳዲስ ብታስገቡ አማካዩ መቼ ከፍ ይላል? የፌዴራሉ ሕግ ይህን ስለሚያውቅ ስቴቶች ከወጡ በኋላም እስከ አራት ዓመት ድረስ ልጆቹን በዚያ መስመር ውስጥ መቁጠር ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ «ስንት አለፉ?» ሳይሆን «ልጆቹ በስንት ዓመት ይወጣሉ?» ይሁን።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ልጅ ስታስመዘግቡ አንድ ቅጽ ይሰጣችኋል። ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል? ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው? ብዙዎቻችን «እንግሊዝኛ» ብለን እንሞላለን። ልጄን ኢሶል ያስገቡብኛል፣ ወደ ኋላ ያስቀሩብኛል ብለን። አንድ አባት «ልጄ እዚሁ የተወለደ ነው፣ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል» አለኝ። እውነቱን ነው። ልጁ መጫወቻ ሜዳ ላይ እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ልጅ ያወራል። አንድ አንቀጽ አንብቦ «ደራሲው ይህን ለምን አለ?» ሲባል ግን ዝም ይላል። የመጫወቻ እንግሊዝኛ በአንድ ሁለት ዓመት ይመጣል። የመማሪያው እንግሊዝኛ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ልጁን በመስማት፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ለየብቻ የሚፈትኑት። የኛ ልጆች መናገሩን በቶሎ ያልፉታል። የሚይዛቸው መጻፉ ነው።

ልጃችሁ ለዚህ እርዳታ መብት አለው። በሳን ፍራንሲስኮ 1,800 የሚሆኑ ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆች ምንም የቋንቋ እርዳታ ሳይሰጣቸው እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከሰሱ። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት አስተማሪ መስጠት ብቻውን እኩልነት አይደለም አለ። ቋንቋው ያልገባው ልጅ በሩ ተዘግቶበታል። የእኛ ልጆች ዛሬ የሚያገኙት እርዳታ እነዚያ ቤተሰቦች ታግለው ያመጡት ነው። እናንተ ወላጆችም እርዳታውን አንፈልግም ማለት ትችላላችሁ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ዓመታዊው ፈተና ግን ልጁ እስኪያልፈው ድረስ አይቀርለትም። ከመወሰናችሁ በፊት ትምህርቱን ሄዳችሁ እዩት።

ሌላም ጥቅም አለው። «አማርኛ» ብላችሁ ስትሞሉ ትምህርት ቤቱ ስንት አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ እንዳለው ያውቃል። በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስ፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከትምህርት ቤት የሚላኩ ወረቀቶች በአማርኛ የሚተረጎሙት ተቆጥረን ስለተገኘን ነው። ዲሲም በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ቅጹ ላይ እንግሊዝኛ ብሎ ጽፎ በኋላ «አስተርጓሚ የለም እንዴ?» ማለት ይከብዳል።

አስተርጓሚ ካልኩ አይቀር፣ እባካችሁ ልጃችሁን አታስተርጉሙት። አንድ ጊዜ የወላጆች ስብሰባ ላይ አስተማሪዋ «ንባቡ ከክፍሉ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ያሳስበኛል» አለች። የአራተኛ ክፍሉ ልጅ ወደ እናቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው ትልሻለች፣ ትንሽ ያንብብ ብላለች» አላት። እናትየዋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተነሳች። እኔ በሌላ ጉዳይ እዚያ ባልኖር ኖሮ እንደዚያው ትሄድ ነበር። በልጁ አልፈረድኩበትም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የራሱን ወቀሳ ለእናቱ እንዴት ይተርጉም? አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ቀደም ብላችሁ ደውሉና «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መናገር ያቃተው ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ እኔ ጋ ይምጣ፤ አብረን እንደውላለን።

ልጁ ይዞት የሚመጣው ሪፖርት ካርድም ነገር እንደዚሁ ነው። አገር ቤት ካርድ ላይ የምናየው ደረጃ ነው፤ ከ58 ተማሪ 3ኛ። እዚህ ከ1 እስከ 4 ቁጥር የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንድ ጋሼ የልጅ ልጃቸው ካርድ ላይ 3፣ 3፣ 3 አይተው «በሁሉም ሦስተኛ ወጣ» ብለው ደስታቸውን ነገሩኝ። ሌላ አባት ያንኑ 3 አይቶ «ከአራት ሦስት ብቻ?» ብሎ ልጁን ተቆጥቶታል። 3 ማለት ልጁ ከክፍሉ የሚጠበቀውን ይችላል ማለት ነው። ከማን ይበልጣል የሚለውን አይናገርም።

አሁን ስለ ምሳው ቅጽ። ይህን ስናገር ፊታችሁ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ብዙ ሰው «ፍሪ ላንች» ሲባል ያፍራል። «እኔ ልጄን ማብላት አያቅተኝም» ይላል። እናቴም ብትሆን እንዲሁ ትል ነበር። ግን ያ ቅጽ ከምሳ በላይ ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ገና ወጣት ሳሉ፣ በ1928፣ ቴክሳስ ውስጥ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ስደተኛ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ቁርስ ሳይበሉ ይመጡ እንደነበር ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነው ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። በኤፕሪል 1965 ለድሃ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ የሚሰጠውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ዋይት ሀውስ ውስጥ አልፈረሙትም። ልጅ ሳሉ በተማሩበት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ግቢ ሄደው፣ የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ፈረሙ። «ታይትል ዋን» የሚባለው ገንዘብ የመጣው በዚያ ሕግ ነው። በዚያ ገንዘብ ነው ተጨማሪ የንባብ አስተማሪ የሚቀጠረው፤ ከትምህርት በኋላ ማስጠኛ የሚከፈተው።

ካውንቲው ያን ገንዘብ ለየትምህርት ቤቶቹ ሲያከፋፍል ብዙ ጊዜ የሚያየው ስንት ልጅ በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ እንደሚበላ ነው። ከድህነት መስመሩ እስከ 130 ፐርሰንት ገቢ ያለው በነፃ፣ እስከ 185 ፐርሰንት ያለው በቅናሽ ይበላል። ለ2024–25 የትምህርት ዘመን አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ የቅናሹ ጣሪያ በዓመት 57,720 ዶላር ነበር። እዚህ ካለነው ስንቱ ከዚያ በታች ነው? ብዙው። ቅጹን ያልሞላ ቤተሰብ ልጅ በወረቀት ላይ የተደላደለ ቤት ልጅ ሆኖ ይቆጠራል። ትምህርት ቤቱ የሚገባውን ያህል ሳያገኝ ይቀራል። ሪፖርቱም ይዛባል። አሁን ሁሉም ልጅ ያለ ቅጽ በነፃ የሚበላባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያም ቢሆን የሚቆጠሩት በአብዛኛው እንደ ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ ባሉት ፕሮግራሞች የተመዘገቡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። መብታችሁ ሆኖ ሳለ በኀፍረት የተዋችሁት ካለ፣ አስቡበት። የልጅ የትምህርት መብት ደግሞ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አይያያዝም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1982 ወስኗል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ፤ መቅረት። ከትምህርት ቀናት አሥር ፐርሰንቱን የቀረ ልጅ «ሥር የሰደደ መቅረት» ውስጥ ይመዘገባል። ከ180 ቀን 18 ማለት ነው። ከወረርሽኙ በፊት በአሜሪካ ከመቶ 15 ያህሉ ልጆች ነበሩ። በ2021–22 ወደ 28 ዘለለ። የእኛስ? አገር ቤት ለገና ሄደን ጥምቀትን አክብረን ስንመለስ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት የትምህርት ቀን ያልፋል። ከዚያ ጉንፋን አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ሌሊት ከሥራ ገብቶ ያልነቃ አባት አለ። 18 ሩቅ አይደለም። ልጆቹ ጥምቀትን ይዩ፣ አያቶቻቸውን ይሳሙ፤ እኔም የኔዎቹን ወስጃለሁ። ከቻላችሁ ግን በሰመር ሂዱ። በጥር የተቋረጠ የንባብ ትምህርት በየካቲት አይደገምም።

ያቺን እናት ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ሁለቱንም ትምህርት ቤት ሄዳ አየች። ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀች፦ እንደኔ ልጅ ያሉ ልጆች እዚህ በዓመት ምን ያህል ያድጋሉ? ስምንት የተባለው ትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቹ መስመር ባዶ ነበር፤ ኮከብ ምልክት ብቻ። ልጆቹ በጣም ጥቂት ሲሆኑ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቁጥሩ አይወጣም። ስለዚህ ስምንቱ ስለሷ ልጅ የሚያወራው ነገር አልነበረውም። ቤቱን አልተከራየችም። ትክክል ነው የወሰነችው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ሌላዋ እናት ሌላ ምክንያት ኖሯት ብትሄድም አልፈርድባትም። ልጅቷ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። በትምህርት ቤቱ ቁጥር ውስጥ የሚገባውን የስቴት ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወስደው በመጪው ሜይ ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። የቨርጂኒያዎቹ «ስኩል ኳሊቲ ፕሮፋይልስ» ብላችሁ ፈልጉ። ከሜሪላንድና ከዲሲ የመጣችሁ የስቴታችሁን «ሪፖርት ካርድ» ፈልጉ። የልጃችሁን ትምህርት ቤት ስም አስገቡ። ትልቁን ቁጥር እለፉትና ወደ ታች ውረዱ። «ኢንግሊሽ ለርነርስ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርሱ እጃችሁን አውጡ፤ እየዞርኩ አብረን እናነበዋለን።